ሙሽራዋ፣ ሲሚንቶውና የፋሲል ግንብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ኖራ ኖራ ይሸታሉ። ጥፋቱ የእኔው ነው። ባለፈው ዕትም «ጎብኚ ቅርስን ያለማል ወይስ ያጠፋል?» ብዬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ሄድኩ፤ ጎንደሬ ደግሞ ግንቡን ከነካህበት አይለቅህም። የተቆጣ አለ፣ የመከረኝ አለ፣ የረገመኝም አንድ ሰው አለ። ስድስቱን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ከማራኪ፣ አዲስ ሙሽራ፦ *ጋሼ፣ ባለፈው ወር ተጋባን። ለፎቶ ፋሲል ግቢ ገባን፣ የሚከፈለውንም ከፍለናል። ፎቶ አንሺው «የፈረሰው ግድግዳ ላይ ውጡ፣ እዚያ ላይ ያምራል» አለን። ሚዜዎቹ ወጡ፣ እኔም ቬሎዬን ሰብስቤ ወጣሁ፣ ባለቀለም ጭስ ለኮሱ። ከዚያ ጥበቃው እየጮኸ መጣና በሰርጌ ቀን «ውረጂ!» አለኝ። ፈረንጅ ብሆን ይጮህብኝ ነበር? ግንቡ የአያቶቼ አይደለም እንዴ?*

መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ውለዱ ክበዱ። ጥበቃው በሙሽራ ላይ መጮኹ ደግ አይደለም፣ ቀስ ብሎ መናገር ይችል ነበር። ፈረንጅ ላይ ግን ይጮሃሉ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ረጅም ሰውዬ መስኮት ላይ ቁጭ ብሎ ሲጋራ ሊለኩስ ሲል እንዴት እንዳወረዱት ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ወደ ነገሩ ስንመጣ ጥበቃው ልክ ነው። ጣራ ያለው ግንብና የፈረሰ ግንብ አንድ አይደሉም። ጣራ ያለው ውኃው ከላዩ ይሄድለታል። የፈረሰው ግን አናቱ ክፍት ነው። ሐምሌና ነሐሴ የጎንደር ዝናብ ቀጥ ብሎ ገብቶ በድንጋዮቹ መሀል ያለውን ኖራ ያጥበዋል። መስከረም ላይ ስታዪው ግድግዳው እንደ ቆመ ነው፤ ውስጡ ግን ብዙ ቦታ ላይ ባዶ ሆኗል። ድንጋዩ የቆመው በልማድ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ አናት ላይ አራት ሚዜ፣ አንድ ሙሽራና አንድ የታኮ ጫማ ሲጨመርበት አስቢው። የታኮ ጫፍ የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም፣ የሰውነትሽ ክብደት ግን በሙሉ እዚያች ነጥብ ላይ ነው የሚያርፈው። አንድ ድንጋይ ነቅነቅ ይላል። አንቺ ሄደሻል፣ አላየሽውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ሙሽራ ትመጣለች። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ በነቃነቅሽው ክፍተት ይገባል።

የጭሱ ነገር ደግሞ አለ። ቀለሙ ዱቄት ነው፣ ሻካራ ድንጋይና ኖራ ላይ ገብቶ ይቀራል። ቬሎ ላይ ቢሆን አንቺው ታለቅሺ ነበር።

«የአያቶቼ» ያልሽው ግን ውስጤን ነካው። ምክንያቱን ልንገርሽ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ግቢውን በአንድ የፈረሰ በር ሾልከን እንገባ ነበር። አንድ ቀን ከኪሴ ሚስማር አወጣሁና ስሜን ፋቅሁ። ኖራው እንዴት ቀላል ነበር መሰለሽ፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ብን እያለ እጄ ላይ ይቀራል። የመጀመሪያዋን ፊደል ጨርሼ ሁለተኛዋ ላይ ስደርስ ሚስማሩ ጣቴን ያህል ገባ። ያን ቀን ጀግና ነበርኩ። ፊደሎቹ ዛሬም አሉ። እንግዳ ሲመጣብኝ ግቢውን አስጎበኛለሁ፣ በዚያ በኩል ግን አላልፍም። የእኔም ግንብ የአያቶቼ ነበር እኮ፣ እህት ዓለም።

ፎቶሽን ግን እዚያው ተነሺ። የጥንቱ ዛፍ ሥር፣ ሣሩ ላይ፣ የፋሲል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ካለው ሜዳ። ግንቡ ከኋላሽ ሲሆን ነው የሚያምረው፣ ከእግርሽ ሥር ሲሆን ፎቶው ላይ አይታይም። ለፎቶ አንሺሽ ይህን ንገሪልኝ።

ከአዘዞ፣ የግንበኛ ልጅ፦ *አባቴ 30 ዓመት ግንበኛ ነው። ግንቡን ሲያይ ሁልጊዜ «ሁለት መኪና ሲሚንቶ ቢሰጡኝ ለልጅ ልጅ የሚቆይ አድርጌ እደፍነው ነበር» ይላል። ለምን በሲሚንቶ አይሠሩትም? ኖራ እያሉ ዓመት ሙሉ መንቀርፈፍ ምንድነው?*

አባትህን ሰላም በልልኝ። ብሎኬት ቤት ላይ ቢያዙኝ ቃላቸውን አላልፍም። ግንቡ ላይ ግን ሲሚንቶ መርዝ ነው። ነገሩ ከጥንካሬ ጋር የተያያዘ ነው፣ ግን በተቃራኒው።

ኖራ እንዴት እንደሚሠራ አባትህ ያውቃሉ፣ አንተ ላታውቅ ትችላለህ። የኖራ ድንጋይ ይቃጠላል። ውኃ ሲነካው ይንፈቀፈቃል፣ ይግላል፣ እጅህን ብታስገባ ይልጥሃል። ከዚያ ከአሸዋ ጋር ይቦካል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውኃው ጋር ተዋህዶ ነው፣ በቀናት ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ኖራ ግን ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ነበረበት ድንጋይነት ይመለሳል። ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ዓመታት ይፈጃል። ለስላሳም ነው፣ ግድግዳው ትንሽ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ከሁሉም በላይ ይተነፍሳል። ዝናብ የገባበት ግድግዳ በጋ ሲመጣ በኖራው በኩል እርጥበቱን ያወጣል።

አሁን ያንን ግድግዳ በሲሚንቶ ለስነው እንበል። እጅህን በፌስታል ጠቅልለህ ቀትር ላይ ፀሐይ ላይ ቁም። ምን ይሆናል? ላቡ መውጫ ያጣል። ግድግዳውም እንዲሁ ነው። ውኃው ከላይም ከመሬትም ይገባል፣ በሲሚንቶው በኩል መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ሲወጣ ጨው ይዞ ይወጣል፣ ጨዉ ድንጋዩ ፊት ላይ ይደርቅና ያብጣል፣ ድንጋዩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሚንቶው ቀጥ ብሎ ቆሞ ታገኘዋለህ፣ ያለቀው ድንጋዩ ነው። ይህን ዓይነት ቦታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ የከተማችን የድሮ አጥር ሁሉ ላይ አለ፤ ሲሚንቶው እንደ ፍሬም ወጣ ብሎ፣ ድንጋዩ ወደ ውስጥ ተበልቶ።

ደግሞ ሞክረውታል። ጣሊያን ጎንደርን ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ሲይዝ ግቢውን ለራሱ ሥራ አዋለው፣ የፈረሰውንም በሲሚንቶና ብረት ባለው ኮንክሪት ጠገነ። ሊባረር ሲል ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ወረደበት፣ የኢያሱን ቤተ መንግሥት ጎዳው። ከዚያ በኋላ የመጡ ጠጋኞች ቦምቡ ካፈረሰው ባልተናነሰ በሲሚንቶው ተቸግረዋል። እየፈለቀቁ ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። ሲሚንቶ ስትፈለቅቅ ደግሞ ድንጋዩንም ይዞ ነው የሚወጣው።

አባትህ የሚወዱትን አንድ ሥራ ልጠቁምህ። ከክረምት በፊት የግንቡ አናት ላይ የበቀለውን መንቀል። ወፍ የዋርካ ፍሬ ትበላለች፣ ግድግዳው ላይ ታርፋለች፣ የቀረውን ታውቃለህ። ፍሬዋ ስንጥቅ ውስጥ ትበቅላለች። በመጀመሪያው ዓመት በሁለት ጣት የምትነቀል ነገር ናት። በአሥረኛው ዓመት ሥሯ ክንድ አክሎ ድንጋይ ይፈነቅላል። የፋሲል መዋኛ ሄደህ አጥሩን እይ። ትልልቆቹ ዛፎች ግድግዳውን በሥራቸው እንደ ዘንዶ ተጠምጥመው ይዘውታል። ጎብኚው ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እውነትም ያምራል። አሁን ዛፉ ቢቆረጥ ግድግዳው አብሮ ሊወርድ ይችላል፣ ዛፉ ቢተው ደግሞ ይገፋዋል። ይህ ሁሉ በሁለት ጣት የሚያልቅ ነገር ነበር።

ከጃን ተከል አካባቢ፣ ጌጣጌጥ ሻጭ፦ *አንተ ሰውዬ፣ «ጎብኚ ቅርስ ይጎዳል» ያልከውን አንብቤ ደሜ ፈላ። የትኛው ጎብኚ? መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ አሁን ደግሞ መንገዱ። ቀኑን ሙሉ ዋርካው ሥር ተቀምጬ አንድ መስቀል ሳልሸጥ ወደ ቤት የምሄድበት ሳምንት አለ። ጎብኚ ሲመጣ ተጎዳ፣ ሲቀር ተጎዳ። እኛ ምን እንብላ?*

ወንድሜ፣ ደምህ ይቀዝቅዝ። ልክ ነህ፣ አጻጻፌም ቅጥ አልነበረውም።

ጎብኚ ቅርስ ይጎዳል የሚባለው ተረት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ላስኮ የሚባል ዋሻ አለ፣ በጥንት ሰው የተሳሉ እንስሳት ያሉበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ። ሰዉ ጎረፈ። ማንም ሥዕሉን አልፋቀም፣ ማንም አልነካም። ሰዎቹ የተነፈሱት ትንፋሽ ብቻ በቃው። ከትንፋሹ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከመብራቱ ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ መሰል ነገር ግድግዳው ላይ መጣ። በ15 ዓመቱ፣ በ1963፣ ዘጉት። አሁን ሰው የሚያየው አጠገቡ የተሠራውን ቅጂ ነው።

ጎንደር ግን ላስኮ አይደለችም። የእኛ ግንብ ሰማይ የሚያየው ድንጋይ ነው፣ ትንፋሽ አያጠፋውም። የሚያጠፋው ውኃ፣ ሥር፣ የተሳሳተ ጥገናና መረሳት ነው። እነዚህን አራቱን የሚከላከል ገንዘብ ደግሞ አንዱ ምንጩ የጎብኚ ትኬት ነው። ስለዚህ የእኔ አቋም ይኸው፦ ለጎንደር ግንብ ባዶ መሆን ከመጨናነቅ የባሰ ጠላት ነው። ሰው ሲጠፋ አስጎብኚው ባጃጅ መንዳት ይጀምራል። ኖራ ማቡካት የሚያውቀው ሽማግሌ ልጁን አያስተምርም። የትኛው ድንጋይ ትናንት እንደወደቀ የሚያይ ዓይን አይኖርም።

ሲመጡም ግን ሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚቆሙት። ጠዋት ግቢው፣ ከሰዓት መዋኛው፣ ሥላሴ፣ በማግስቱ ወደ ሰሜን ተራሮች። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የመዘገበው እኮ ግቢውን ብቻ አይደለም። ቁስቋም አለ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት፣ ከፒያሳ በባጃጅ የሚደረስ። ወደ ባሕር ዳር ስትሄድ እንፍራዝ አጠገብ ጉዛራ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል ያይሃል፤ ከፋሲል በፊት የተሠራ ነው። ጉዛራ ወጥቶ የሚያውቅ የጎንደር ልጅ እስቲ እጁን ያውጣ። እኔ ራሴ የወጣሁት በ40 ዓመቴ ነው። ጎብኚ ለሁለት ቀን ተጨማሪ ቢያድር አንተም ትሸጣለህ፣ የፋሲል ደረጃም ያርፋል። ፔሩ ማቹ ፒቹ ላይ ትኬቱ ሰዓት አለው፣ የመግቢያህ ሰዓት ካለፈ አለፈ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ዓመቱን ሙሉ አያስፈልግም። ለገና ማግስትና ለጥምቀት ሰሞን ግን ቢታሰብበት አልጠላም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቆጣ። «የድሮ ነው» ተብሎ በጭስ የጠቆረ አዲስ መስቀል የሚሸጥ አለ። አንተ ነህ አላልኩም። አዲሱን አዲስ ብለህ ሽጠው፣ የሠራውን አንጥረኛ ሰፈር ተናገር። የወለቃ ሸክላ ትናንት የተሠራ መሆኑ እየታወቀ ነው የሚገዛው። እውነተኛውን የድሮ መስቀልና ብራና ደግሞ ማንም ከአገር ሊያወጣው አይችልም፣ ገዢህ አየር ማረፊያ ላይ ይያዛል፣ አንተም ትጠየቃለህ።

ከአዘዞ፣ ቤት እየሠሩ ያሉ አባት፦ *ልጄ፣ ለቤት መሠረት ስናስቆፍር በወገብ ልክ የድሮ ግንብ ወጣ፣ የሸክላ ስባሪም አለበት። ቀን ሠራተኞቹ «ዝም ብለን እንድፈነው፣ ከተሰማ መሬቱን ይወስዱብዎታል» አሉኝ። ምን ላድርግ?*

አባባ፣ አይድፈኑት። አዘዞ እንዲሁ ሰፈር አይደለም። ገነተ ኢየሱስ አካባቢ የአጼ ሱስንዮስና የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን) ቤት የነበረበት ነው፣ የስፔን ተመራማሪዎች ለዓመታት ቆፍረው ብዙ ነገር አውጥተዋል። እርስዎ ያገኙት የዚያ ይሁን የሌላ፣ በአካፋ የሚታወቅ አይደለም። ሸክላው ከየትኛው ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደወጣ ካልታወቀ ስባሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቁፋሮውን ያቁሙ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የወጣውን አይጠቡት፣ በላስቲክ ሸፍነው ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። የደረሰኙን ቅጂ ይያዙ።

የሠራተኞቹ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም፣ ቢሮ ለቢሮ ስንት ሰው እንደተንከራተተ አውቃለሁ። ግን ሕጉ ከእርስዎም ጋር ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና የቅርስ ባለሥልጣን ሰዎች መጥተው እስኪረከቡ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ለእነሱም ጊዜ ቆርጦላቸዋል። በ6 ወር ውስጥ እርምጃ ካልወሰዱ ሁኔታውን ለክልሉ በጽሑፍ አሳውቀው ከኃላፊነቱ ነፃ መሆን ይችላሉ። ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥም ይላል። ቀኑን የሚቆጥርልዎ ያ ደረሰኝ ነው፣ ልጆችዎ ያስቀምጡት።

ከአዲስ ዓለም፣ እናት፦ *ለጥምቀት ልጆቼን ይዤ መዋኛው ልውረድ ብዬ ባለቤቴ ከለከለኝ። «በ2012ቱ የሆነውን ረሳሽው?» ይለኛል። አንተ ምን ትላለህ?*

እትዬ፣ ባለቤትዎ አልተሳሳቱም። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 ነው። በወር ከምናምኑ፣ በዚያው በመጀመሪያው በዓል፣ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞተ። እኔም ያን ዓመት ነጠላዬን ይዤ ከአጥሩ ውጪ ነበርኩ። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ መጀመሪያ እልልታ መስሎኝ ነበር።

ግን ጥምቀት ያለ ልጅ ምኑን ጥምቀት ይሆናል? ልጆቹን ይዘው ይውረዱ፣ እንጨት መቀመጫ ላይ ግን አይውጡ። አጥሩ ላይም ዛፉ ላይም የሚወጡትን ጎረምሶች አይከተሉ። ከቀሃ በኩል ወደ ኋላ ራቅ ብለው ቢቆሙ ጸበሉ ሲረጭ በፕላስቲክ ጎማ እየተወረወረ ይደርስዎታል፣ አይቀርብዎትም። እዚያ ቦታ ሰውም ድንጋይም የሚጎዳው በአንድ ጠዋት ነው። በቀረው ዓመት ገንዳው ደርቆ በጎች አጠገቡ ሲግጡ ያገኙታል።

ከፒያሳ፣ ስሙን ያልጻፈ፦ *ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ ፍላሽ መጠቀም ሥዕሉን ያጠፋል የሚሉት እውነት ነው ወይስ ማስፈራሪያ?*

ባጭሩ፣ አንድ ፍላሽ ምንም አያደርግም። በሩ ተከፍቶ የሚገባው የቀትር ፀሐይ ከብዙ ፍላሽ ይበልጣል። ሥዕሉን የሚጎዳው ከጣራ የሚንጠባጠብ ውኃ፣ የጧፍ ጭስና የእኛ እጅ ነው። ተሳልመን ግድግዳውን በግንባር በእጅ ስንነካ የምንተወው ወዝ ነው። ቢሆንም አባ «አይቻልም» ካሉ አይቻልም። ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ሰው እየጸለየ ፊቱ ላይ መብረቅ አታብርቅበት። ካሜራህን አስቀምጥና ቀና ብለህ ጣራው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቁጠር። ሦስት አስጎብኚ ጠይቄ ሦስት የተለያየ ቁጥር ነግረውኛል፣ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ አንገቴን አሞኝ ትቼዋለሁ። ከጨረስክ ጻፍልኝ።